በአርባ ዓመት ካቻቢቴ መጨበጥ!

ሱቁ ፈርሶ፣ ደንበኛው ተበትኖ «ኤሌክትሪሺያን ልሁን» ለሚል ጎልማሳ

መቼም «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚለውን ተረት ያልሰማ የለም። የዛሬው ጨዋታችን ግን ሮጦ መታጠቅ ሱሪ ከማስፈታት አልፎ ነፍስ ስለሚያሳጣበት ሙያ ነው፤ ስለ ኤሌክትሪክ! ይበልጡንም ዕድሜውን በሌላ ሥራ አሳልፎ አርባን የረገጠ ወይም የተጠጋ ሰው «ከእንግዲህስ ኤሌክትሪሺያን ልሁን» ብሎ ሲነሳ ምን እንደሚጠብቀው እናወጋለን።

ውድ አንባቢያን፣ አራዳንና ፒያሳን የሚያውቅ ሰው ይህ ጥያቄ ከየት እንደመጣ አይጠፋውም። በ2016 ዓ.ም. የካቲትና መጋቢት ላይ የኮሪደር ልማት በተባለው ሥራ ዶሮ ማነቂያን ጨምሮ አሮጌዎቹ የፒያሳ መንደሮች ፈረሱ። ብዙው ነዋሪም ወደ ከተማዋ ዳርቻ ተዛወረ። ከግድግዳው ጋር አብሮ የፈረሰ፣ ገልባጭ መኪና ላይ ሲጫን ግን ያልታየ ነገር ነበር፤ እሱም የሰው መተዳደሪያ ነው። ቁርስ ቤቱ፣ ልብስ ሰፊው፣ ሰዓት ጠጋኙ፣ ደጃፉ ላይ ማስቲካና ካርድ የሚሸጠው ሁሉ የሚኖረው በአንድ ነገር ነበር፤ በሚያውቀው ደንበኛ! ደንበኛው አንዱ ወደዚህ ሌላው ወደዚያ ሲበተን ሱቅን በሌላ ሰፈር መልሶ መክፈት ማለት ከዜሮ መጀመር ማለት ሆነ። ታዲያ ከዜሮ መጀመር ካልቀረ «ለምን ሙያ አልይዝም?» የሚል ሐሳብ ቢመጣ ምን ይገርማል?

እንዲህ ያለውን ሐሳብ ከሚያወጡና ከሚያወርዱ ሰዎች አንዱ የ42 ዓመት አባወራ ነው። ፒያሳ ውስጥ ከ15 ዓመት በላይ አነስተኛ ሱቅ ነበረው። ሁለት ልጆች አሉት። አዲሱ ሰፈር ከገባ ወዲህ ዓይኑን የጣለው ጎረቤቱ ላይ ነው። ጎረቤቱ ኤሌክትሪሺያን ነው፤ ስልኩ ከጠዋት እስከ ማታ ይጮኻል። አባወራው የሚጠይቀው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ «በዚህ ዕድሜዬ አይረፍድም ወይ?» ሁለተኛው፣ «በስንት ወር ያልቃል?»

መልሳችንን ከወዲሁ እንስጥ። የመጀመሪያው ጥያቄ ያን ያህል አያስጨንቅም። የሚያስጨንቀው ሁለተኛው ነው! ለምን? ወረድ ብለን እናየዋለን።

ዕድሜ ጠላት አይደለም

ኤሌክትሪሺያን የሚሠራው የት ነው? ሰው ቤት ውስጥ! ጓዳ ይገባል፣ መኝታ ቤት ይገባል፣ ኮርኒስ ላይ ይወጣል። ብዙ ጊዜ ደግሞ ባልም ሚስትም ሥራ ውለው ቤት ያሉት አሮጊት እናትና የቤት ሠራተኛ ብቻ ናቸው። እንግዲህ የቤት በር የሚከፈተው ለታመነ ሰው ነው። የአርባ ዓመቱ ሰው ለዚህ ከሃያ ዓመቱ ልጅ ይቀድማል። ለ15 ዓመት ሱቅ ከፍቶ ሚዛን ሳያጓድል የኖረ ሰው ዱቤ መስጠትና መሰብሰብ ያውቃል፤ «ነገ ጠዋት እመጣለሁ» ብሎ ነገ ጠዋት መምጣት ያውቃል፤ የተቆጣ ደንበኛን ማብረድ ያውቃል። እነዚህን ማንም ኮሌጅ አያስተምርም። ሽቦ መቀጠሉን ግን ኮሌጁ ያስተምረዋል።

ከሌላ ሥራ ተነስቶ ወደ ኤሌክትሪክ መምጣት ደግሞ አዲስ ነገር አይደለም። ዓለም ሁሉ ዛሬ የሚያበራው ማይክል ፋራዳይ በተባለ እንግሊዛዊ ግኝት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የብረት ሠሪ ልጅ ነበር። ለ7 ዓመት የተማረው ሙያ መጽሐፍ መጠረዝ ነው! ለጥረዛ የመጡለትን መጻሕፍት እያነበበ ነው ኤሌክትሪክ የገባው። ጥረዛውን ትቶ በ1813 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ በአንድ ሳይንቲስት ሥር ረዳት ሆኖ ተቀጠረ። ጠርሙስ እያጠበ፣ ዕቃ እያቀበለ ቆየ። ማግኔት በማንቀሳቀስ ኤሌክትሪክ ማመንጨት እንደሚቻል ያሳየው በ1831 እ.ኤ.አ. ነው። ያኔ አርባ ሊሞላው ጥቂት ሳምንታት ነበር የቀሩት ወይም ገና እየሞላው ነበር። በቆቃም በጊቤም በአባይም ግድብ የሚሽከረከረው ጄኔሬተር የሚሠራው በዚያው ሕግ ነው።

ይሁንና ዕድሜ ምንም አያመጣም ብለን አንዋሽም። ከአርባ በኋላ የቅርብ ነገር ማየት ይደክማል፤ የብሬከር ላይ ቁጥርን ለማንበብ መነጽር ያስፈልጋል። አስቀድሞ ዓይን መመርመር ግድ ነው። ሽቦ የሚለየው በቀለሙ ስለሆነ ቀለም መለየት የሚያስቸግረው ሰው ይህን በጊዜ ማወቅ አለበት። ጉልበቱን የሚያመው፣ ከፍታ ላይ ሲወጣ የሚያዞረው፣ የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ደግሞ ሐኪም ሳያማክር መሰላል አይውጣ። ይኸው ነው።

«ጋሼ፣ መሰላሉን ያቀብሉኝ!»

ወደ ዋናው ፈተና እንምጣ። አንድ ጎልማሳ ኤሌክትሪክ ሲጀምር የሚከብደው ሒሳቡ አይደለም፤ ኩራቱ ነው። አለቃው የ25 ዓመት ልጅ ሊሆን ይችላል። ልጁ በጨዋ ደንብ ያደገ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። «ጋሼ፣ ይቅርታ፣ ያቺን ፒንሳ ያቀብሉኝ!» «ጋሼ፣ እሱን አይንኩ!» እያለ በአክብሮት ያዘዋል። ጋሼ ትናንት ሁለት ሠራተኛ የሚያዙ ባለሱቅ ነበሩ። ዛሬ መሰላል ተሸክመው በቀድሞ ደንበኛቸው ደጃፍ ያልፋሉ። «ውይ፣ እሳቸው ናቸው እንዴ?» የሚል ዓይን አለ። ብዙ ሰው ሙያውን የሚተወው ከዚች ዓይን የተነሳ ነው።

በአገራችን የእጅ ሥራን መናቅ የቆየ በሽታ ነው። ብረት የሚሠራውን «ጠይብ» እያሉ መስደብ በመብዛቱ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው ምክንያት መስደብን የሚከለክል አዋጅ እስከ ማወጅ ደርሰዋል። ንጉሡ እንዲህ ያሉት ከመቶ ዓመት በፊት ነው! እኛ ግን ዛሬም ልጃችን «ቴክኒክ ገባሁ» ሲለን ፊታችን ይጠቁራል። ይህን የምንለው ደግሞ በአራዳ ነው። እዚሁ ፒያሳ ሥር ሠራተኛ ሰፈር የሚባል መንደር መኖሩን፣ ስሙም ከባለሙያዎች የመጣ መሆኑን እየረሳን። ፒያሳ ራሷ ስሟን ያገኘችው ከጣሊያንኛ ነው፤ ካቻቢቴና ፒንሳም የመጡት ከዚያው ነው። የአራዳ ልጅ ካቻቢቴ መያዝ ካሳፈረው ማን ሊይዘው ነው?

ሴቶቹም የራሳቸው ፈተና አላቸው። ኬክ ቤት ውስጥ ሒሳብ ተቀባይ የነበረች አንዲት የ36 ዓመት ወይዘሮ መሰላል ይዛ ስትመጣ «ባለሙያው የት አለ?» የሚሏት አሉ። «እኔ ነኝ» ትላለች። ስትጨርስ ግን ብቻዋን ለምትኖር እናት ወይም ልጆቿን ከሠራተኛ ጋር ትታ ለወጣች ሴት ከወንድ ባለሙያ ይልቅ እሷ ትመረጣለች። በመጀመሪያ እንቅፋት የሆነባት ነገር ኋላ ደንበኛ አመጣላት ማለት ነው።

እንግዲህ ምክራችን ይህ ነው፦ ኩራትህን ጣል አንልህም፤ ቦታውን ቀይረው። ልጁ ሲያዝህ አትኩራ፤ የዘረጋኸው መስመር ለዓመታት ሳያስነጥስ ሲሠራ ያኔ ኩራ!

ትምህርቱ የት ነው?

አዲስ አበባ የሙያ ትምህርት ቤት ድሃ አይደለችም። ሜክሲኮ አካባቢ ያለው ተግባረ ዕድ ከ1934 ዓ.ም. ጀምሮ ያስተምራል። በ1938 ዓ.ም. የተከፈተውና የስንት ባለሥልጣንና ምሁር መፍለቂያ የነበረው ጄኔራል ዊንጌትም ዛሬ ሙያ የሚያስተምር ፖሊቴክኒክ ኮሌጅ ነው። እንጦጦም፣ ንፋስ ስልክም፣ ምሥራቅም አሉ። የግሎቹ ሲጨመሩ ምርጫው ሰፊ ነው። በሙያው ስያሜ «የሕንፃ ኤሌክትሪክ ዝርጋታ» የሚባለው ነው እኛ የቤት ኤሌክትሪክ የምንለው። የመግቢያ መስፈርቱና የትምህርት ሰዓቱ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ ምዝገባ ሳያልፍ በአካል ሄዶ መጠየቅ ይበጃል። ቀን የሚሠራ ሰው የማታውን ይጠይቅ።

ትምህርቱ በደረጃ የተከፋፈለ ነው፤ ደረጃ 1፣ ደረጃ 2 እያለ ይወጣል። በየደረጃው የሙያ ብቃት ምዘና አለ፤ በተለምዶ «ሲኦሲ» የምንለው። ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ መልካም ነገር ልንገራችሁ፦ ምዘናው ሙያውን የት ተማርከው ብሎ አይጨክንም። በባለሙያ ሥር እየሠራ የለመደ ሰውም ተመዝኖ ካለፈ ማረጋገጫውን ያገኛል። ስለዚህ ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ክፍል ገብቶ መማር፣ ሌላው በባለሙያ ሥር ረዳት ሆኖ ቆይቶ መመዘን። የተሻለው ግን ሁለቱን ማጣመር ነው። ክፍል ብቻ የተማረ ግድግዳ መቦርቦር ያቅተዋል፤ ሥራ ብቻ የለመደ ደግሞ «ለምን?» ሲባል ይጠፋዋል።

«በሁለት ሳምንት ኤሌክትሪሺያን እናደርጋለን፣ ሠርተፊኬቱም አለ» የሚል ካጋጠማችሁ ሽሹ! በወረቀቱ ቤት አይቃጠልም፤ በእጁ ነው የሚቃጠለው።

ሌላም ድንበር አለ። ከምሰሶው እስከ ቆጣሪው ያለው መስመርም ራሱ ቆጣሪውም የመብራት ኃይል ነው። (በ2006 ዓ.ም. ድርጅቱ ለሁለት ተከፍሎ ለደንበኛ የሚያከፋፍለው «የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት» ቢባልም እኛ መብራት ኃይል ማለታችንን አልተውንም።) ከቆጣሪው ወዲህ ያለው የቤቱ ባለቤት ነው፤ የናንተም ሥራ እዚያ ነው። «ቆጣሪው ቀስ ብሎ እንዲቆጥር አርግልኝ» የሚል ደንበኛ አይጠፋም። ያቺን ቀን እምቢ ያላለ ሰው ወህኒ ቤትን ያያል። በራስ ስም ተቋራጭ ሆኖ የሕንፃ ሥራ ለመያዝ ደግሞ በኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810/2006 መሠረት ከባለሥልጣኑ የብቃት ማረጋገጫ ማውጣት ያስፈልጋል። ይህ የመጀመሪያው ዓመት ጉዳይ አይደለም፤ ግን መንገዱ ወዴት እንደሚያመራ ማወቅ ይጠቅማል።

የምጣዱ ሒሳብ

«እኔ ሒሳብ ላይ ደካማ ነኝ» የሚለው ፍርሃት ብዙዎችን ከበር ይመልሳል። ለቤት ኤሌክትሪክ ከሚያስፈልገው ሒሳብ አብዛኛው ማካፈል ነው። ሱቅ የነበረው ሰው ደግሞ ማካፈል ያውቃል!

የቤታችን ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ነው። ዕቃው ላይ የተጻፈውን ዋት ለ220 ስታካፍሉ በሽቦው ውስጥ የሚያልፈውን አምፔር ታገኛላችሁ። እስቲ በእንጀራ ምጣድ እንሞክረው። ምጣዱ 3,500 ዋት ይበላል እንበል። 3,500 ለ220 ሲካፈል ወደ 16 አምፔር ይሆናል። አሁን ጥያቄው ይህ ነው፦ ለአምፖል ተብሎ የተዘረጋ ባለ 1.5 ሽቦ ይህን ለሁለት ሰዓት ይሸከማል? አይሸከምም፤ ይግላል። እናቶች «ምጣዱ ሲጣድ ግድግዳው ይሞቃል» የሚሉት ይህንን ነው። እንደተለመደው አሠራር ለመብራት 1.5፣ ለተራ ሶኬት 2.5፣ ለምጣድ ደግሞ ለብቻው 4 እና ከዚያ በላይ ስኩዌር ሚሊ ሜትር የሆነ ሽቦ ከራሱ ብሬከር ጋር ይዘረጋል።

ብሬከር ሽቦውን የሚጠብቅ ዘበኛ ነው። «ብሬከሩ እየወደቀ አስቸገረን፣ ትልቅ ቀይርልን» የሚል ደንበኛ ሲመጣ ሽቦው ቀጭን ሆኖ ሳለ ብሬከሩን ማሳደግ ሌባው እንዲገባ ዘበኛውን እንደ ማሰናበት ነው። ብሬከሩ ዝም ይላል፤ ሽቦው ይነዳል!

አዲስ ሥራም እየመጣ ነው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሄዱ የቤት መኪኖች ከውጭ እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና በየግቢው ይታያል። ቤት ውስጥ የሚገጠም 7,000 ዋት የሆነ ቻርጀር ብናካፍለው ወደ 32 አምፔር ይመጣል፤ የሁለት ምጣድ ያህል፣ ያውም ሌሊቱን ሙሉ! ይህን ከኮርኒስ ላይ በተጎተተ ቀጭን ሽቦ የሚገጥም ሰው ቤቱን ለእሳት አስይዞ ነው የሚተኛው። በትክክል የሚገጥመው ደግሞ ሥራ አያጣም። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ግን ኃይሉ ከግድቡ ተነስቶ እማማ ጓዳ የሚገባው በመጨረሻ በአንድ ኤሌክትሪሺያን እጅ ነው።

የአሮጌው ቤት ጣጣ

ፒያሳ ሁሉ አልፈረሰም። በአራዳ ዛሬም የጭቃ ቤት፣ የእንጨት ፎቅ፣ በ1967 ዓ.ም. አዋጅ ተወርሶ የቀበሌ የሆነ ቤት አለ። ለተማሪ ከእንዲህ ያለ ቤት የበለጠ አስተማሪ የለም፤ ከእሱ የበለጠ አደገኛም የለም።

ኮርኒሱ አቡጀዲ ነው፤ ከአቡጀዲው በላይ የስንት ዓመት አቧራና ሸረሪት ድር ተከማችቷል። በመሐሉ የሚያልፈው ሽቦ ልባሱ ደርቆ ይረግፋል። አንድ ቆጣሪ ለአራትና ለአምስት አባወራ ይከፋፈላል፤ አንዱ ከሌላው እየቀጠለ ሽቦው እንደ ሐረግ ግቢውን ይዞራል። የግራውንድ ሽቦ የሚባል ነገር ጨርሶ የለም። ውሃ ማሞቂያው ወይም ማቀዝቀዣው ሲነካ «ትንሽ ይነዝራል፣ ምንም አይልም» ይሏችኋል። ይላል እንጂ! ያ ትንሽ መንዘር ግራውንድ እንደሌለ የሚናገር የመጀመሪያ ማስጠንቀቂያ ነው። እርጥብ እግር ያለው ሕፃን ሲነካው ትንሽ አይሆንም።

እዚህ ላይ ነው የጎልማሳው ባለሙያ ጨዋነት የሚፈተነው። ደንበኛው «ዛሬን ብቻ አስተካክልልኝ» ይላል፤ ገንዘብ የለውም። እውነቱን መንገር ያስፈልጋል፦ «እማማ፣ ይህን ፕላስተር ብለጥፍበት ለሳምንት ይበራል። ግን በዚህ ሽቦ ምጣድ አይጣዱ፤ መቀየር ያለበት ይህ መስመር ነው፤ ይህን ያህል ያስወጣል፤ በሁለት ጊዜ ይክፈሉኝ።» ሱቅ ውስጥ ዱቤ የለመደ ሰው ይህንን ከማንም በላይ ያውቅበታል።

«መብራት ሄዷል» ማለት ሞቷል ማለት አይደለም

አሁን «በስንት ወር ያልቃል?» ለምን እንዳስጨነቀን እንናገር። ልብስ ስፌት የሚቸኩል ሰው ጨርቅ ያበላሻል። ዳቦ የሚቸኩል ያሳርራል። ኤሌክትሪክ የሚቸኩል ግን ሁለተኛ ዕድል ላያገኝ ይችላል። አንድ የድሮ ባለ 60 ዋት አምፖል የሚበላው 270 ሚሊ አምፔር ያህል ነው። በልብ በኩል ካለፈ ከዚያ ከግማሽ በታች የሆነው እንኳ ሰው ይገድላል። የሚገድለው እንግዲህ የግድ የፋብሪካ መስመር አይደለም፤ የአምፖሉ ሽቦ ይበቃል።

ጎልማሳውን ደግሞ የሚያጣድፈው ነገር ብዙ ነው። የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ አለ፤ የቤት ኪራይ አለ። ለዚህ ነው ገና ሦስት ወር ሳይሞላው ብቻውን ሥራ የሚቀበለው። እነዚህን ሕጎች ግን ከጸሎት እኩል ይያዛቸው፦

1ኛ/ «መብራት ሄዷል» ብለህ ሽቦ አትንካ። በከተማችን መብራት ሲሄድ አይናገር፣ ሲመጣ አይናገር! ብሬከሩን አውርድ፣ ማንም እንዳያነሳው ዝጋ ወይም ሰው አቁም፣ ከዚያ ጀምር።

2ኛ/ ቴስተርህን መጀመሪያ ኤሌክትሪክ እንዳለው በምታውቀው ቦታ ሞክር፤ ቀጥሎ የምትሠራበትን ለካ፤ ከዚያ እንደገና ወደ መጀመሪያው ተመለስ። የተበላሸ ቴስተር ሁሉንም ሽቦ «ሞቷል» ይላል።

3ኛ/ ከጄኔሬተር ተጠንቀቅ። ጎረቤት ጄኔሬተሩን ያለ መቀየሪያ ከቤቱ መስመር ጋር ካገናኘው ኤሌክትሪኩ ወደ ኋላ ይሄዳል። ሰፈሩ ጨለማ ሆኖ ሳለ ሽቦው ውስጥ ሞት ይጠብቃል።

4ኛ/ እርጥብ እጅ፣ ባዶ እግር፣ የብረት መሰላል፣ ሰዓትና ቀለበት ከዚህ ሥራ ጋር አይሄዱም።

5ኛ/ ሰው ኤሌክትሪክ ሲይዘው በእጅህ አትጎትተው፤ አንተንም ይጨምርሃል። ብሬከሩን አጥፋ። ካልቻልክ ደረቅ ነገር ላይ ቆመህ በደረቅ እንጨት አላቅቀው፤ ከዚያ ወደ ሐኪም!

6ኛ/ ኤሌክትሪክ ወደ መሬት ሲያፈስ መስመሩን የሚያጠፋውን ባለ 30 ሚሊ አምፔር ብሬከር ለደንበኛህ ምከር። ገንዘብ ቢያንሰው ለመታጠቢያ ቤትና ለወጥ ቤት ብቻ ይግጠም።

ጓዳው ምን ይላል?

ባልና ሚስት ሳይመካከሩ የሚጀመር ትምህርት እኩሌታው ላይ ይቀራል። ስለዚህ ምዝገባ ከመሄድ በፊት አንድ ማታ ልጆች ሲተኙ ተቀምጦ መነጋገር ነው። ለቤቱ በወር ስንት ይበቃል? የትኛው ወጪ ይቀንሳል? ረዳትነት በመጀመሪያዎቹ ወራት ከትራንስፖርትና ከምሳ ብዙም አያልፍም፤ ይህን ለሚስት ደብቆ «ደሞዝ አለው» ማለት ጠብ መደገስ ነው። በኛ ግምት አንድ ጎልማሳ ቤተሰቡን በዚህ ሙያ ብቻ ለማስተዳደር ሁለት ዓመት ያህል አስቦ ቢነሳ አይከፋም። እስከዚያ ግማሽ ቀን የሚሠራ ሌላ ገቢ ያስፈልጋል። ካሳ ወይም ቁጠባ ያለው ሰው ገንዘቡን በአንድ ጊዜ መሣሪያ ላይ አያፍስስ። ለጀማሪ ልባሱ የተሟላ ካቻቢቴና ፒንሳ፣ ቴስተር፣ የመለኪያ መሣሪያ፣ ሜትር፣ መዶሻና መሮ ይበቁታል። መቦርቦሪያው ማሽን ሥራ ሲመጣ ይከተላል። በመሣሪያ ከሚቆጠበው ይልቅ ከርካሽ ዕቃ የሚመጣው ጉዳት ይበልጣል፤ ልባሱ የተላጠ ፒንሳ በነፃም ቢሰጥ አይወሰድ።

ሚስትም የድርሻዋን ትወጣ። አቧራ ለብሶ፣ ጣቱ ቆስሎ ሲመጣ «የፒያሳው ነጋዴ ይኸው መጨረሻህ!» የምትለው ቃል ከኤሌክትሪኩ በላይ ትነዝራለች።

እንግዲህ ምን ይሁን?

ዕድሜ አልረፈደም። ጊዜ ግን ይወስዳል። ይህን ሙያ ሸጋ የሚያደርገው ደግሞ ይኸው ጊዜ የሚወስድ መሆኑ ነው። በሁለት ሳምንት የሚያዝ ቢሆን ኖሮ ሰፈሩ ሁሉ ይይዘውና ዋጋ ባልኖረው ነበር። ሱቅ ይፈርሳል፣ ደንበኛ ይበተናል፤ በእጅ የገባ ሙያ ግን ከሰውየው ጋር አብሮ ይዛወራል። ሙያ የያዘ ሰው አዲስ ሰፈር ሲገባ ከዜሮ አይጀምርም።

ከመወሰናችሁ በፊት አንዲት ፈተና እንስጣችሁ፤ ነፃ ናት። አንድ የታወቀ ባለሙያ ፈልጉና አንዲት ቅዳሜ ያለ ክፍያ አብራችሁት ዋሉ። መሰላሉን ተሸከሙ፣ ግድግዳ ሲቦረቦር አቧራውን ጥረጉ፣ ሽቦ ሲሳብ ጫፉን ያዙ። ማታ ስትመለሱ ራሳችሁን አድምጡ። «ዛሬ ስንት ተከፈለው?» የሚለው ብቻ ከሆነ የሚመላለስባችሁ ሌላ ሥራ ፈልጉ፤ ክፉ አይደለም። «ያ ብሬከር ለምን ወደቀ?» እያላችሁ እንቅልፍ ካጣችሁ ግን ሰኞ ጠዋት ሂዱና ተመዝገቡ!